ምጣድ የሌለበት የቁጠባ ምክር

ሰሞኑን «የመብራት ሂሳብዎን በግማሽ የሚቀንሱ ስምንት ዘዴዎች» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ ጎረቤቴ ናት፤ «አንቺ ቆጣሪ ላይ አፍጥጠሽ ስለምትውዪ ይጠቅምሻል» ብላ። እውነቷን ነው፣ አፈጣለሁ። ለዚህም ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ።

ጽሑፉን ላላያችሁት በአጭሩ እንዲህ ይላል። አምፖል ቀይሩ። ቻርጀር ንቀሉ። ልብስ ማጠቢያና ኦቨን በሌሊት አሠሩ። ቦይለር አታጥፉ። ፍሪጅ ማታ ንቀሉ። መስኮትና ግድግዳችሁን ድፈኑ። ለቡናና ለወጥ ወደ ከሰል ተመለሱ። በመጨረሻም ሶኬት ላይ የምትሰካ «ኃይል ቆጣቢ» ሳጥን ግዙ። መሀል ላይ ደግሞ ሕዳሴ ግድብ ስላለቀ ብዙም አትጨነቁ የሚል ማጽናኛ ጣል አድርጓል።

ከላይ እስከ ታች ፈልጌ ያጣሁት አንድ ቃል ነው። ምጣድ። ስለ አዲስ አበባ ቤት መብራት ስምንት ነጥብ ጽፎ ምጣድን አንዴም አለማንሳት እንዴት ይቻላል? ወይ ጽሑፉ ከሌላ አገር ቀጥታ የተገለበጠ ነው፣ ወይ ጸሐፊው እንጀራ ከሱቅ ነው የሚገዛው። (መግዛቱ ነውር የለበትም። የምጣዱ ቢል ወደ ጋጋሪዋ ቤት ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።)

ከአምፖሉ ልጀምር፤ ትክክል የሆነው እሱ ስለሆነ። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል፣ ክርክር የለውም። ግን ያ ቢጫ አምፖል አሁን በስንት ሰው ቤት አለ? አብዛኞቻችን ከተሰናበትነው ቆየን። መብራት ኃይል አሮጌውን እየተቀበለ ቆጣቢውን ሲያድል የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አሁን ቤታችሁ ያለው ባለ 15 ዋት ጠመዝማዛው ነው እንበል። አምስቱን በሙሉ በኤልኢዲ ብትቀይሩና በቀን አራት አራት ሰዓት ቢበሩ፣ የምታተርፉት በወር 4 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ሲቃጠልባችሁ በኤልኢዲ ተኩት፣ አበቃ። ግማሽ ሂሳብ ግን ከዚህ አይመጣም።

አሁን ወደ ምጣዱ።

የተለመደው የቤት ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከላይ ያልነው ኤልኢዲ ወደ 390 የሚጠጋ ቢበራ ነው ከአንድ ምጣድ ጋር የሚስተካከለው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ወሰንኩና ለካሁት። ቆጣሪያችን የካርድ ነው፣ የቀረውን ኪሎ ዋት ሰዓት ቁጭ አድርጎ ያሳያል። ከመጋገሬ በፊት ጻፍኩ፣ ስጨርስ ጻፍኩ፣ ቀነስኩ። ሃያ እንጀራ በአንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ፤ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት። በሚቀጥለው ጊዜ ሊጡ በደንብ ሳይደርስ ቸኩዬ ምጣዱን ጣድኩ፣ መሀል ላይ እህቴ ከውጭ ደወለች፣ ከዚያ ማሰሻው ጠፋ፣ ከዚያ በር ተንኳኳ። ያው ሃያ እንጀራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አለቀ። ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ በላ። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ባዶውን የጋለ ምጣድ ነው። የእኛ ሰፈር ሠሪዎች የሚሠሩት ምጣድ አብዛኛው ሲበቃው ራሱን የሚያጠፋ ነገር የለውም፤ እናንተ ስልክ ስታወሩ እሱ ይበላል።

በሳምንት ሁለቴ ለሚጋግር ቤት ያቺ ግማሽ ሰዓት በወር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ናት። አምስቱን አምፖል ከመቀየር አራት እጥፍ ትበልጣለች፣ ያውም ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ።

ዘዴው እናቶቻችን የሚያውቁት ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳይዘጋጅ ምጣዱ አይሰካም። ሰፌዱ፣ ማሰሻው፣ የሊጥ መቅጃው ቀድሞ እጅ ስር ይሆናል። በአንዱና በሚቀጥለው እንጀራ መሀል አክንባሎው ክፍት አይተውም። እናቴ ደግሞ ሁለትና ሦስት እንጀራ ሲቀራት ነቅላው በቀረው ሙቀት ነበር የምትጨርሰው፤ የመጨረሻው ትንሽ ነጣ ቢልም ለፍርፍር ይሆናል። እኛ ፎቅ ላይ አሁን ከጎረቤቴ ጋር አንዳንዴ በአንድ ምጣድ ተከታትለን እንጋግራለን። ምጣዱ እስኪግል ያለው ሩብ ሰዓት ብቻውን 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ እሱን አንዱ ቤት ያተርፋል። ወሬውም ይደምቃል። ቢሉን እንዴት እንደምንካፈል አትጠይቁኝ፤ አንድ ቀን በእሷ ቆጣሪ፣ አንድ ቀን በእኔ ነው።

ጸሐፊው «ከባድ ዕቃ በሌሊት ተጠቀሙ፣ በሌሊት መብራት ርካሽ ነው» ይላል። ይሄ በሌላ አገር እውነት ነው። እዚህ ለቤት ደንበኛ ሌሊትም ቀንም አንድ ዋጋ ነው። ቆጣሪው መቼ ብሎ አይጠይቅም፣ ስንት ብሎ ነው የሚጠይቀው። ታሪፉ በእርከን ነው የተሠራው፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያው እርከን ርካሹ ነው፣ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ 500ን እስኪያልፍ በየደረጃው የአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይወጣል። ይሄ ከ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ ጎልቶ መጣ፣ ከ2017 መስከረም ጀምሮ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ከፍ የሚል አዲስ ታሪፍ ተጀመረ። ስለዚህ እዚህ አገር የቁጠባ ትርጉሙ ከእርከን መውረድ ነው።

በነገራችን ላይ በዚህ የሚጎዳው ተከራይ ነው። ኮንዶሚኒየም ከመግባቴ በፊት ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር። አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ። እያንዳንዳችን ለብቻችን ብንሆን ከታችኛው እርከን ላንወጣ እንችል ነበር፤ ተደምረን ግን ቆጣሪው እንደ አንድ ትልቅ ሀብታም ነበር የሚያየን። አከራያችን በሰው ቁጥር ያካፍሉናል፣ እኔ ብቻዬን ስለነበርኩ ደስ ይለኝ ነበር፣ አራት ልጅ ያላት ጎረቤቴ ግን በየወሩ ታለቅስ ነበር። «የመብራት ሂሳብዎን በግማሽ የሚቀንሱ» ብሎ ለሚጽፍ ሰው፣ የራስን ቆጣሪ ማስገባት ከስምንቱም ዘዴ በፊት መምጣት ነበረበት።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ፤ ሰዓት የሚለየው በዋጋ አይደለም ብያለሁ። በጉልበት ግን ይለያል፣ ይሄን ጽሑፉ አላወቀውም። ምሽት ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ስቶቭና ምጣድ ሲሰካ ኃይሉ ይደክማል። 220 ቮልት መሆን የነበረበት 180 ቢወርድ ምጣዱ የሚያገኘው ጉልበት በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይቀረዋል። ባለ 3,500 ዋቱ ምጣድ ባለ 2,300 ሆነ ማለት ነው። እስኪግል ይቆያል፣ በየእንጀራው መሀል ይቀዘቅዛል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሰዓቱ ይረዝማል። በረዘመው ሰዓት ሁሉ ምጣዱ በጎንና በሥር ሙቀት ወደ ኩሽና ሲያፈስ ነው የሚቆየው። መጨረሻ ላይ በደካማ መብራት የጋገራችሁት ሃያ እንጀራ በጠንካራ መብራት ከጋገራችሁት የበለጠ ይቆጥራል። እኔ ጠዋት ሁሉም ሥራ ከሄደ በኋላ፣ ሦስትና አራት ሰዓት ላይ ነው የምጋግረው። ሥራ ለሚውል ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይሆነዋል። የበዓል ዋዜማ ማታስ? ተዉት።

የሕዳሴው ማጽናኛም መልሱ እዚሁ ጋ ነው። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ ኮርተናል። ግን ጉባ ያለው ኃይልና የእናንተ ሶኬት መሀል ስንት ነገር አለ? የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ግድቡ ስላለቀ አልተለቀም። የፋሲካ ዋዜማ «ድው» ብሎ ሰፈሩን የሚያጨልመው እሱ ነው፣ ጉባ ምንም ሳይሆን። ዋጋውም ቢሆን ግድቡ ከተመረቀ በኋላ ሲወርድ አላየሁም።

«ቦይለር አታጥፉ፣ ከቀዘቀዘ ውሃ እንደገና ማሞቅ ብዙ ይበላል» የሚለውን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ባለቤቴም ያምንበት ነበር። እንዲህ አስቡት። ፔርሙዝ ውስጥ ያለ ሻይ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፣ አይደል? ቦይለርም ያው ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ከውጭው አየር በሞቀ ቁጥር የሚያፈሰው ሙቀት ይበዛል። ሲጠፋ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ የሚያፈሰውም እየቀነሰ ይሄዳል። ሁሌ ሲበራ ግን ሙሉ ሙቀቱን ይዞ ሌት ተቀን ያፈሳል፣ ያፈሰሰውን ደግሞ መብራት ይተካል። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ይሄን ማንም አያመልጠውም። በየቀኑ ዝም ብሎ እየበራ የሚያፈሰው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ አብዛኛውን የምታመልጡት እሱን ነው። ጠዋት ከመታጠባችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቀድማችሁ አብሩት፣ ስትጨርሱ አጥፉት። ደግሞ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቦይለሩን ዝም ብሎ አብርቶ መሄድ የዋህነት ነው። ታንኩ ጎድሎ ከጋለ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል፣ የቆጠባችሁት ሁሉ ለጠጋኙ ይሄዳል። ሰፊ ጣራ ያለው ቤት ያላችሁ ደግሞ ውሃ የሚያሞቀውን ሶላር አስቡበት፤ ከሁሉም ሶላር በአዲስ አበባ ፀሐይ ወጪውን የሚመልሰው እሱ ይመስለኛል።

ፍሪጅ ማታ መንቀል ግን... እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። አሁን ስለ ቦይለር ያልኩት ሕግ ለፍሪጅም ይሠራል፤ ነቅላችሁት ብታድሩ ትንሽ ኃይል ይተርፋል። ችግሩ ውስጡ ያለው ውሃ ሳይሆን ወተት፣ ሥጋና የትናንት ወጥ መሆኑ ነው። ማታ ማታ ሞቆ ጠዋት የሚቀዘቅዝ ሥጋ ለማን ይበጃል? ፍሪጁ ላይ የሚተርፍ ነገር የምትፈልጉ ከሆነ በሩ ላይ ያለውን ጎማ እዩት። አንድ ወረቀት በሩ መሀል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፣ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ብርዱ ሌሊቱን ሙሉ ይወጣል። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉት፣ ጀርባው ይተንፍስ። ትኩስ ወጥ አታስገቡበት። መብራት ሲጠፋ መንቀል ግን ጥሩ ልማድ ነው፤ እሱ ከቁጠባ ጋር አይገናኝም፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ከሚያናውጠው ኃይል ሞተሩን ለማዳን ነው።

ቻርጀር። ስልክ ያልተሰካበት ደህና ቻርጀር ሩብ ዋት ገደማ ነው የሚወስደው። ዓመቱን ሙሉ ሶኬት ላይ ቢውል ቢያድር 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። የአንድ ቀን ጋገራ ግማሽ እንኳን አይሆንም፣ በዓመት! ስትወጡ ልጆቻችሁን «ቻርጀር ንቀሉ» እያላችሁ የምትጮኹ፣ ጩኸታችሁን ለዲሹ ሪሲቨር አስቀምጡት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም አንዳንዱ ሪሲቨር 10 ዋት ገደማ እየወሰደ ያድራል። በወር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ዲቫይደሩን ከነማጥፊያው ግዙና በአንድ ጠቅታ አጥፉት።

መስኮትና ግድግዳ ስለ መድፈን ያለውን ሳነብ ሚኒሶታ ያለችው አክስቴ ትዝ አለችኝ። ለእሷ ይሄ ምክር ወርቅ ነው። እዚያ ቤት የሚሞቀው ግማሽ ዓመት ነው፣ በመስኮት ስንጥቅ የሚወጣው ሙቀት ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ግን ቤቱን በማሽን የሚያሞቅ ስንት ሰው አለ? ታኅሣሥ ላይ ሲበርደን ጋቢ እንደርባለን። ድርብ መስታወት ብታስገቡ ቤታችሁ ጸጥ ይላል፣ ቢላችሁ ግን ካልነበረ ነገር አይቀንስም።

ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው፣ ግን እዚያም መጀመሪያ የሚታየው መስኮቱ ሳይሆን ጣራው ነው። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል፣ ከዚያ ወደ ታች ይተፋል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ኤሲ ማስገባት ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። ኮርኒስ ይሠራ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑር፣ ቆርቆሮው ነጭ ይቀባ። በምዕራብ በኩል ዛፍ ይተከል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር የሄደ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

በጣም ያናደደኝ ግን ከሰሉ ነው። «ለቡናና ለወጥ ወደ ከሰል ይመለሱ፣ ቢልዎ ይቀንሳል።» ቢሉ ይቀንሳል፣ አዎ። የከሰሉ ዋጋስ በማን ኪስ ነው የሚቆጠረው? ማዳበሪያ ከሰል ስንት እንደገባ ጸሐፊው ገበያ ወጥቶ ይጠይቅ። ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ሰው ይገድላል። ጭሱ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የያዘው መስሎት ነው የሚቀረው። ብርድ ሲሆን ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት የሚያስገቡ ሰዎች ዛሬም አሉ። እንዲህ ያለ ምክር እንዲህ በቀላሉ አይጻፍም። ከሰል የግድ የሆነበት ቤት ላቀች ምድጃ ይጠቀም፣ ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፣ ግን ደጅ ወይም መስኮት በተከፈተበት።

ወጡን በስቶቭ የምትሠሩ ደግሞ ይቺን ያዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ ስቶቩን የቱንም ያህል ብታስጨንቁት ከዚያ በላይ አይግልም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱና ቢሉ ብቻ ነው። ከፈላ ዝቅ አድርጉትና ክደኑት። ባቄላና ሽንብራ ማታ ዘፍዝፋችሁ እደሩ። ለጥራጥሬና ለሥጋ ፕሬሸር ድስት ያለው ሰው ይጠቀምበት፤ እንፋሎቱን አፍኖ ውሃው ከ92 በላይ እንዲግል ስለሚያደርግ ለእኛ ከፍታ የተሠራ ነው የሚመስለው። ቡናውን በተመለከተ፣ ኢንዳክሽን ስቶቭ የገዛችሁ ጀበናችሁን አትጣሉ። ሸክላ በኢንዳክሽን አይሞቅም፣ ለእሱ ተራውን ስቶቭ አስቀሩለት።

የቀረችው ሳጥኗ ናት። አረንጓዴ መብራት ያላት፣ ሶኬት ላይ ስትሰካ «ኤሌክትሪኩን አስተካክላ» ሂሳብ በግማሽ የምትቀንስ። ጽሑፉ ሥር የሻጩ ስልክ መቀመጡን ሳይ የቀሩት ሰባት ነጥቦች ለምን እንደተጻፉ ገባኝ። አንዷን ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ ገዝቶ አመጣልኝ፣ በመፍቻ ከፈትናት። ውስጧ አንዲት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ ይዛ የምትለቅ ዕቃ) እና መብራቷን የምታበራ ትንሽ ሰሌዳ፣ ሌላ ምንም። እንዲህ ያለ ነገር ትልልቅ ሞተር ባለበት ፋብሪካ ሥራ አለው። የቤት ቆጣሪ ግን የሚቆጥረው በትክክል የተበላውን ኃይል ብቻ ነው፤ ካፓሲተሯ ምጣዳችሁ ከሚበላው ላይ አንዲት ዋት አትቀንስም። ለሁለት ሳምንት ሰክተን፣ ለሁለት ሳምንት ነቅለን ቆጣሪውን አነጻጸርን። ለውጥ የለም። እንዲያውም ያቺ አረንጓዴ መብራት ራሷ ትቆጠራለች፤ ልጁ «እሷን ማጥፊያ ሌላ ሳጥን እንፈልግ» ብሎ ሳቀብኝ፣ ከዚያ ካፓሲተሯን ነቅሎ ለአሮጌ ቬንትሌተራችን አደረጋት። ቬንትሌተሩ አሁን ይሠራል።